የኪራይ ውሉን ማን ያንብብ?

በሀገር ቤት ሁለት ሰዎች ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ አንድ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ፣ የተነሣው ዱላ ባለበት ይቆም እንደነበር አባቶች ያወሳሉ። ባላገሩ ፊደል ሳይቆጥር ዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ይሟገት፣ ይረታም ነበር። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ተረትም የዚሁ ሕዝብ ነው። በቅሎው በፍርድ ብትወሰድበት የሚችል፣ ጭብጦው በግፍ ስትወሰድበት ግን እንቅልፍ የሚያጣ ሕዝብ ነው።

የዚህ ሕዝብ ልጆች ታዲያ አሜሪካን ሀገር መጥተው፣ በታክሲና በፓርኪንግ፣ በሆቴልና በነርሲንግ ሆም ለዓመታት ለፍተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ሬስቶራንት ወይም ሱቅ ለመክፈት ሲነሡ፣ አርባና ሃምሳ ገጽ የሚሆን የኪራይ ውል አንዱን ገጽ እንኳ ሳያነቡ ይፈርማሉ። በሙግት የታወቀ ሕዝብ በወረቀት ሲረታ ማየት ያሳዝናል።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። አባት ከሥራ መልስ ወረቀቱን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ልጁን ይጠራል። «ነይ እስቲ፣ ይሄን አንብቢልኝ፤ ምንድን ነው የሚለው?» ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። እንግሊዝኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው። ታነባለች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ነገሩ ግን አይገባትም። «ተጠያቂ ነህ ነው የሚለው፣ አባዬ» ትላለች። «ለምኑ?» «ለሁሉም ነገር መሰለኝ።» አባት ይስቃል። «ደግሞ ሁሉም ሰው የሚፈርመው ነው ብሎኛል አከራዩ» ይልና ይፈርማል። ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሬስቶራንቱም ይዘጋል። ሬስቶራንቱ ሲዘጋ ግን ኪራዩ አብሮ አይዘጋም። የቀረው የሰባት ዓመት ኪራይ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአባትየው ስም፣ በቤቱና በቁጠባው ላይ ይመጣል። «በግሌ ዋስ ነኝ» የሚለው ወረቀት ከውሉ ጀርባ ተያይዞ ኖሯል።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። በየከተማው ስሙና መንገዱ እየተለወጠ ይደጋገማል። ጥፋቱ ደግሞ የልጅቷ አይደለም፣ የአባትየውም ብቻ አይደለም። ልጅቷ ባዮሎጂ ተማሪ ናት፤ ማንም «ዋስትና» ማለት በሕግ ቋንቋ ምን እንደሆነ አላስተማራትም። ነገር ግን እሷ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ምናልባትም ከምትማርበት ሕንፃ ማዶ፣ ይህንኑ የሚያስተምር ክፍል አለ። የሚያጠናው ሰው ጠበቃ መሆን አይጠበቅበትም። ስሙም «ቢዝነስ ሎው» ነው፤ እንደ ሁለተኛ ትምህርት፣ ማለትም እንደ «ማይነር» ሊወሰድ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፤ ነርስም ትሁን ኢንጂነር፣ አካውንታንትም ይሁን የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ኮሌጅ የገባ የኢትዮጵያዊ ልጅ ከዋናው ትምህርቱ ጎን የንግድ ሕግን ቢያጠና ለራሱም፣ ለቤተሰቡም፣ ለወገኑም ይጠቅማል።

ማይነር ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ወላጆች ሕግ ሲባል የሚያስቡት ሀገር ቤት ያለውን ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ የፈረንጆች ናቸው) ሕግ የገባ ሰው ሕግ አጥንቶ፣ በሕግ ተመርቆ ይወጣል። በአሜሪካ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ጠበቃ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በፈለገው ትምህርት የባችለር ዲግሪውን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ ሦስት ዓመት ይማራል፤ በመጨረሻም የስቴቱን የጠበቆች ፈተና ይወስዳል። ስለዚህ ወላጅ «ልጄ ሕግ አይፈልግም፣ ፋርማሲ ነው የሚማረው» ሲል በሩን ገና ሳይከፈት መዝጋቱ ነው።

የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ለሁሉም ተማሪ የግድ የሆነ ጠቅላላ ትምህርት፣ የተወሰነው ዋናው ሙያ፣ የተረፈው ደግሞ ተማሪው እንደ ፍላጎቱ የሚሞላው ነው። ማይነር በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከ15 እስከ 18 ክሬዲት፣ ማለትም አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ነው። የተረፈውን ክፍት ቦታ ልጁ በዘፈቀደ ከሚሞላው በአንድ መስመር አስተካክሎ ቢሞላው፣ ሳይጨምር ሁለተኛ ዕውቀት ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

በንግድ ሕግ ማይነር ውስጥ የሚሰጡት ኮርሶች ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ቢሆንም ብዙውን ጊዜ የሚገኙት የሕግ ሥርዓት መግቢያ፣ የውል ሕግና ሽያጭ፣ የውክልናና የንግድ ማኅበራት ሕግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ የሪል እስቴት ሕግ እንዲሁም የድርሰትና የፈጠራ መብት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ለአንድ ሬስቶራንት ባለቤት፣ ለአንድ ታክሲ ነጂ ወይም ለአንድ የሆም ኬር ባለቤት የማይጠቅም የትኛው ነው?

ጓደኛማቾቹና ያልተጻፈው ሽርክና

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ የሚተርት ሕዝብ ቃሉን ያከብራል። ስለዚህም ሁለት ጓደኛማቾች ንግድ ሲጀምሩ «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይባባላሉ። ወረቀት መጠየቅ እንደ አለመተማመን ይቆጠራል። የአሜሪካ ሕግ ግን ዝም አይልም። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕግ መሠረት ሁለት ሰዎች የጋራ ባለቤት ሆነው ለትርፍ አንድ ንግድ ከያዙ፣ ወረቀት ባይፈራረሙም፣ «ሽርክና አቋቁመናል» ብለው ባያስቡም እንኳ ሽርክና ተቋቁሟል። ያልተነጋገሩበትን ነገር ሁሉ ሕጉ በራሱ ይሞላላቸዋል።

እንዴት ይሞላላቸዋል? አንደኛ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ትርፉ እኩል ይካፈላል፤ አንዱ 80 ሺ ዶላር፣ ሌላው 20 ሺ ዶላር ቢያወጣም እንኳ። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ አንዱ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ወጥ ሲሠራ ቢውልና ሌላው በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ቢል፣ የሚሠራው ሰው ለድካሙ ደመወዝ አይታሰብለትም፤ አስቀድመው ካልተስማሙ በቀር። ሦስተኛ፣ አንዱ በንግዱ ስም ለገባው ዕዳ ሌላውም በግል ንብረቱ ተጠያቂ ነው። ብዙ ጓደኝነት የፈረሰው፣ ሽማግሌም መሐል ገብቶ ያልፈታው፣ ሁለቱም ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንዱ በልቡ አንድ ስምምነት፣ ሌላው ሌላ ስምምነት ይዞ ስለኖረ ነው።

በውክልናና በንግድ ማኅበራት ኮርስ ውስጥ ተማሪ ሁሉ ከሚያነባቸው ፍርዶች አንዱ በ1928 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰጠው የማይንሃርድና የሳልሞን ፍርድ ነው። ሳልሞን በ1902 ማንሃተን ውስጥ በ42ኛው መንገድና በፊፍዝ አቬኑ ማዕዘን ያለውን ሆቴል ብሪስቶልን ለሃያ ዓመት ተከራየ። ሕንፃውን ወደ ሱቅና ቢሮ ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ግማሹን ማይንሃርድ እንዲያወጣ ተስማሙ። ሥራውን የሚመራው ሳልሞን ብቻ ነበር። ሃያው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የቦታው ባለቤት አዲስና ከቀድሞው እጅግ የሰፋ የኪራይ ውል ይዞ ወደ ሳልሞን መጣ። ሳልሞንም ለባልንጀራው ሳይነግር በራሱ ኩባንያ ስም ፈረመ። ማይንሃርድ የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበና ዳኞቹ አራት ለሦስት ተከፍለው ለማይንሃርድ ፈረዱ። በዳኛ ካርዶዞ የተጻፈው ፍርድ፣ ሸሪክ ለሸሪኩ ያለበት ታማኝነት ማንም ነጋዴ በገበያ ለማንም ካለበት ታማኝነት የበለጠ መሆኑንና በሽርክናው ምክንያት የመጣን ዕድል ደብቆ ለብቻ መውሰድ እንደማይቻል አስረዳ።

ልብ ይባል፤ ይህ ሽርክና ለሃያ ዓመት በሰላም የሠራ ነበር። ያጣላቸው ደግሞ የኪራይ ውል ነው። ሁለት ወገኖች በአንድ ሬስቶራንት ሲሠሩ ኖረው አንዱ ውሉ ሊያልቅ ሲል ለብቻው ሄዶ ካደሰ፣ የተጎዳው ወገን መብት እንዳለው የሚያውቀው ስንቱ ነው? የሚያድሰውስ ነገ ሊጠየቅ እንደሚችል የሚያውቀው ስንቱ ነው? ይህን ፍርድ ያነበበ የሃያ ዓመት ልጅ ለሁለቱም ይነግራቸዋል።

ኤል ኤል ሲ የማያድነው ዕዳ

ዛሬ ሰው ሁሉ «ኤል ኤል ሲ አውጣ» ይላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። በ1977 በዋዮሚንግ ስቴት የተጀመረው ይህ ዓይነት ድርጅት ዛሬ በሁሉም ስቴቶች አለ፤ ዋና ጥቅሙም የድርጅቱ ዕዳ የድርጅቱ እንጂ የባለቤቱ እንዳይሆን ማድረጉ ነው። ነገር ግን አከራዮችና ባንኮች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ አዲስና ታሪክ የሌለው ኤል ኤል ሲ ሲመጣባቸው «የግል ዋስትና ፈርም» ይላሉ። ባለቤቱም በአንድ እጁ ያሠራውን አጥር በሌላ እጁ ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ማየት ይጠቅማል። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ሀገር ቤት ያደገ ሰው «ዋስ» ሲባል ጣሪያ ያለው ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም። በአሜሪካ የንግድ ቤት ኪራይ ግን ጣሪያ የሌለው፣ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ያለውን ኪራይና ሌላውንም ወጪ ሁሉ የሚያጠቃልል ዋስትና የተለመደ ነው። የሚያውቅ ሰው ግን ይደራደራል። ዋስትናው ለአንድ ዓመት ኪራይ ብቻ እንዲሆን፣ ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዲቀር ይጠይቃል። በኒው ዮርክ «ጉድ ጋይ» የሚባል የዋስትና ዓይነት አለ፤ ተከራዩ አስቀድሞ አስታውቆ፣ ኪራዩን እስከዚያው ድረስ ከፍሎ ቁልፉን ካስረከበ ከዚያ በኋላ በግሉ አይጠየቅም። አከራይ ይህን በራሱ አንደበት አያቀርብም፤ ካልተጠየቀ አይሰጥም።

ሌላም አለ። የንግድ ቤት ኪራይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አይደለም። ለአፓርትመንት ተከራይ ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ አብዛኛው ለንግድ ተከራይ የለም። በብዙ ውሎች ውስጥ ተከራዩ ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ድርሻውን ይከፍላል፤ «ኪራዩ አራት ሺ ነው» ተብሎ የገባ ሰው አምስት ሺና ስድስት ሺ ሲከፍል የሚገኘው ለዚህ ነው። እንዲሁም ሬስቶራንቱን ለሌላ ሰው ሸጦ የወጣ ሰው፣ አከራዩ በጽሑፍ ነፃ ካላወጣው በቀር፣ ገዢው ኪራይ ባይከፍል ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላል። «እኔ እኮ ሸጬ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ» ማለት አያድንም።

«አላነበብኩትም» መከላከያ ነውን?

በአሜሪካ የውል ሕግ መሠረታዊው ደንብ አዋቂ ሰው የፈረመውን ወረቀት እንዳነበበው ይቆጠራል የሚል ነው። ቋንቋው አልገባኝም ማለት፣ ማታለል ካልተፈጸመ በቀር፣ ብዙ አይረዳም። ይህ ደንብ ግን ወሰን አለው። ወሰኑን ያሳየው ታዋቂ ፍርድ የመጣው ከዚያው የሐበሻ ሬስቶራንት ከሞላባት ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። ኦራ ሊ ዊልያምስ የምትባል ሰባት ልጆች የምታሳድግ እናት ከ1957 እስከ 1962 ዎከር ቶማስ ከተባለ የቤት ዕቃ መደብር ብዙ ዕቃ በዱቤ ገዛች። በመጨረሻ 514 ዶላር ከ95 ሳንቲም የሚያወጣ ስቴሪዮ ወሰደች። መደብሩ በወር ከመንግሥት የምታገኘው 218 ዶላር ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበር። በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ አንቀጽ ነበር፤ ሁሉም ዕዳ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የትኛውም ዕቃ የእሷ አይሆንም። ስለዚህ የስቴሪዮው ክፍያ ሲቋረጥ መደብሩ ከ1957 ጀምሮ የገዛችውን ዕቃ በሙሉ ልውሰድ አለ። በ1965 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አንዱ ወገን ምንም ምርጫ ሳይኖረው የገባበትና ከመጠን በላይ ለሌላው የሚያደላ ውል ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው አይገባም ሲል ወሰነ፤ ጉዳዩም እንደገና እንዲመረመር ወደ ታች ተመለሰ።

ይሁን እንጂ በዚህ መተማመን አይገባም። ይህ ጥበቃ በይበልጥ የሚረዳው ለቤቱ ዕቃ የሚገዛውን ሸማች ነው። ሬስቶራንት ሊከፍት የመጣ ሰው በሕግ ዓይን ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ያውቃል ተብሎ ይገመታል። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። የግል አከራይን ግን አያስገድድም። በካሊፎርኒያ ደግሞ ድርድሩ በተደረገበት ቋንቋ የተወሰኑ ውሎች እንዲተረጎሙ የሚያዝ ሕግ አለ፤ የሚዘረዝራቸው ቋንቋዎች ግን ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ታጋሎግ፣ ቬትናምኛና ኮሪያንኛ ናቸው። አማርኛ የለበትም። ስለዚህ አስተርጓሚው ያው ልጅ ነው። ልጁ ካልተማረ ቋንቋውን እንጂ ነገሩን አይተረጉምም።

ሕጉ ራሱ ጊዜ የሚሰጥበትም ቦታ አለ። የታወቀ ስም ያለው መደብር በፍራንቻይዝ የሚገዛ ሰው፣ በፌዴራል ደንብ መሠረት ሙሉ መግለጫ የያዘው ሰነድ ከመፈረሙም ሆነ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ቢያንስ 14 ቀን ሊሰጠው ይገባል። በሰነዱ ውስጥ የመጀመሪያው ወጪ፣ የኩባንያው የክስ ታሪክና ከፍራንቻይዙ የወጡ ሰዎች ዝርዝር ሳይቀር ይገኛል። እነዚያን ሰዎች ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ሻጩ «ዛሬ ካልፈረምክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ሲል፣ 14ቱን ቀን የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም።

አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የኒው ዮርክን ታክሲ ነጂዎች ማስታወስ ይበቃል። በ2014 የአንድ ታክሲ ፈቃድ ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከብዙ ሀገር የመጡ ስደተኞች በግል ዋስትና እየፈረሙ ተበደሩ። ዋጋው ሲወድቅ ዕዳው እላያቸው ላይ ቀረ። በ2021 ነጂዎቹ በከተማው አዳራሽ ፊት የረሃብ አድማ እስከማድረግ ደርሰው ነው ዕዳው እንዲቀነስ ስምምነት የተገኘው። እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። የፈረሙት ወረቀት ምን እንደሚያመጣ የነገራቸው ሰው ነው ያልነበረው።

ለዋናው ሙያስ ምን ይጨምራል?

ጥቅሙ ለወላጅ ወረቀት ለማንበብ ብቻ ከሆነ ለልጁ ሸክም ነው የሚል ይኖራል። እንደዚያ አይደለም። አካውንቲንግ የሚማር ልጅ ለሲ ፒ ኤ ፈተና ሲቀመጥ፣ ከፈተናው ክፍሎች አንዱ ከግብር ጋር የንግድ ሕግን ይጠይቀዋል። ኮምፒዩተር የሚማረው ደግሞ ተቀጥሮ በሥራው ውስጥ የጻፈው ፕሮግራም የአሠሪው ንብረት እንደሆነ፣ በኮንትራት የሠራው ግን ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር የራሱ እንደሚሆን ቢያውቅ ይጠቀማል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣውና ሙዚቃ የሚያቀናብረውም እንዲሁ ነው። ነርሷ ከአሥር ዓመት በኋላ የራሷን የሆም ኬር ድርጅት ስትከፍት የሠራተኛ ሕግ ያስፈልጋታል።

የሠራተኛ ነገር ከተነሣ ሬስቶራንቶችንም ይነካል። በፌዴራሉ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው ትርፉ ሰዓት በአንድ ተኩል ይከፈላል። በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኛው ቲፕ ላይ ድርሻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። «ወገኔ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ነው፣ እንተሳሰባለን» ማለት ከዚህ አያወጣም፤ እንዲያውም ባለቤቱን በግሉ ሊያስጠይቀው ይችላል። ይህን ማወቅ አሠሪውን ከክስ፣ ሠራተኛውን ከጉዳት ያድናል። ሁለቱም ደግሞ ወገን ናቸው።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ግማሽ ዕውቀት አደገኛ ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው። አምስት ኮርስ የወሰደ ልጅ ጠበቃ አይደለም። ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው የሕግ ምክር መስጠትና ውል ማርቀቅ በየስቴቱ የተከለከለ ነው፤ ሊያስጠይቅም ይችላል። ነገር ግን የማይነሩ ጥቅም ጠበቃን መተካት ሳይሆን ጠበቃ የሚያስፈልግበትን ሰዓት ማወቅ ነው። ዛሬ ችግሩ ሰው ወደ ጠበቃ የሚሄደው ከፈረመ በኋላ፣ የክስ ወረቀት ሲደርሰው መሆኑ ነው። ከመፈረም በፊት ውል ማስነበብ የጥቂት ሰዓት ክፍያ ነው፤ ከፈረሙ በኋላ መከራከር ግን የዓመታት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው «ማይነር ሥራ አያስቀጥርም» የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። ቀጣሪ በመጀመሪያ የሚያየው ዋናውን ዲግሪ ነው። ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባትም ቢሆን የተለየ ብልጫ አያስገኝም፤ የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ለሕግ ትምህርት ቤት ይህን አጥኑ ብሎ የሚመርጠው ትምህርት የለም። ስለዚህ ማንም ልጅ ይህን ማይነር እንደ ሥራ ማግኛ ወረቀት ቆጥሮ አይግባበት። የሚገባበት ሊያውቅ ነው።

ሦስተኛው የጊዜና የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። የነርሲንግና የኢንጂነሪንግ ተማሪ ክፍት ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ማይነር ጨምሮ አንድ ሴሚስተር ቢዘገይ ተጨማሪው ክፍያ የወላጅ ሌሊት ሥራ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ሙሉ ማይነር አይመከርም። የውል ሕግን አንዷን ኮርስ፣ ቢቻል ደግሞ የንግድ ማኅበራትን ሁለተኛዋን መውሰድ ይበቃዋል። ከስድስቱ ኮርስ ሁለቱ ከምንም ይሻላሉ።

ምን ይደረግ?

ተማሪው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት የትምህርት አማካሪውን ሄዶ ይጠይቅ። ዩኒቨርሲቲው ማይነሩን ይሰጣል ወይ? ከቢዝነስ ትምህርት ቤት ውጭ ላለ ተማሪ ይፈቀዳል ወይ? ለጠቅላላ ትምህርት የሚቆጠር ኮርስ ለማይነሩም ይቆጠራል ወይ? የላይኞቹ ኮርሶች ቀዳሚ ኮርስ ስለሚጠይቁ አራተኛ ዓመት ላይ መጀመር አይቻልም። ከዲግሪው የማይቆጠር ኮርስም በፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ላይሸፈን ስለሚችል ይህንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወላጅም ቢሆን በሩ አልተዘጋበትም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የቢዝነስ ሎው መግቢያ ኮርስ በማታ ይሰጣሉ። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው በመምህር እየተመሩ ትናንሽ ነጋዴዎችን በነፃ የሚረዱበት ክሊኒክ አላቸው። በየስቴቱ ያሉት የአነስተኛ ንግድ ማበልጸጊያ ማዕከላትም በነፃ ያማክራሉ። የሐበሻ ማኅበራት፣ ዕድሮችና አብያተ እምነት ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጋብዘው ስለ ኪራይ ውልና ስለ ሽርክና በአማርኛ ቢያስረዱ፣ ያ ስብሰባ ብዙ ሰው ከኪሳራ ያድናል።

ወደዚያች የወጥ ቤት ጠረጴዛ እንመለስ። ልጅቷ ያው ባዮሎጂ ተማሪ ናት እንበል፤ ግን ሁለት ኮርስ ወስዳለች። አባት ወረቀቱን ሲዘረጋ ከመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ከኋላው ትጀምራለች። «አባዬ፣ ይሄኛው ላይ የምትፈርመው በድርጅቱ ስም አይደለም፤ በራስህ ስም ነው። ቤታችንን ያስይዛል። ግብሩንና ጥገናውንም አንተ ነህ የምትከፍለው። ነገ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርም።» አባት ሊበሳጭ ይችላል። አከራዩ እየጠበቀ ነው፣ ጓደኛው ደግሞ ትናንት ፈርሟል። ሆኖም አንድ ቀን ይጠብቃል። ምናልባት ዋስትናው ወደ አንድ ዓመት ይወርድለታል፤ ምናልባትም አከራዩ እምቢ ብሎ ሌላ ቤት ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢፈርም እንኳ የሚፈርመው አውቆ ነው። ንግዱ ቢከስር በሕግ የሄደች በቅሎ ትሆናለች። ሳያውቅ ፈርሞ ያጣው ቤት ግን እንደዚያች ጭብጦ ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል።

ልጆቻቸውን ለኮሌጅ ያደረሱ ወላጆች «ምን ልትሆን ነው?» ብለው መጠየቃቸው ደግ ነው። ከጎኑ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ደግሞ መልካም ነው፤ «ከዋናው ትምህርትህ ጎንስ ምን ልትወስድ አሰብክ?»